ኪራሙ ላይ የተቋረጠው ስብሰባ

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ጋቢውን እለብሰዋለሁ። ሰዓቱ ብዙም ሳይቆይ ቆመ፤ ባለቤቴ "እሱም ጡረታ ወጣ" ብላ ስቃለች። በሽኝቱ ላይ ንግግር አድርግ ተብዬ ማይኩ ሲሰጠኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ሳቀብል የኖርኩትን ዕቃ ይዤ የምለው ጠፋኝ። ዓይኔ እንደ ልማዱ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄደ። "ከኋላ ይሰማል?" አልኩ። "ይሰማል" አሉኝ። "እንግዲያው ሥራዬ ይኸው ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ተቀመጥኩ። ሰው ቀልድ መስሎት አጨበጨበ፤ እኔ ግን ከልቤ ነበር።

ሥራዬ የስብሰባ ድምፅ ማጉያ መትከል ነበር። ነቀምቴ ተቀምጬ ወለጋ ውስጥ መኪና በሚደርስበት ከተማ ሁሉ፣ ጊምቢ፣ ሻምቡ፣ አርጆ፣ ሲሬ፣ ጊዳ አያና፣ ኪራሙ፣ መንግሥት ሕዝብ ሰብስቦ ላናግር ባለ ቁጥር ሽቦውን የዘረጋሁት፣ ጥሩምባውን የሰቀልኩት፣ ማይኩን ከእጅ ወደ እጅ ያደረስኩት እኔ ነኝ። አባቴ ከሸዋ በንግድ የመጣ ሰው ነው፤ እናቴ የዲጋ ልጅ ናት። ስለዚህ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል እሰማለሁ፤ ስብሰባ ላይ ሰው ሲቆጣም በሁለቱም እሰደባለሁ። ደሞዙ ያው እንደሚታወቀው ነው፣ የመስክ አበሉም ዘግይቶ ይመጣል፤ እሱን ማውራት ጊዜ ማባከን ነው። ይልቅ ሥራውን ላውራ።

የተቀጠርኩት በደርግ ማብቂያ ላይ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ስሜን እንኳ ሳይጠይቅ "ሂድና ኦቦ ዋቅጅራን እርዳው" አለኝ። ኦቦ ዋቅጅራ አጭር፣ ጣቶቹ የወፈሩ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። ሙያውን የተማረው በወጣትነቱ ለቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሜዳ ላይ ማጉያ ሲተክል ነው። መጀመሪያ ቀን ማይኩን ይዤ እንዳየሁት ሁሉ በጣቴ መታ መታ አድርጌ "እፍ" አልኩበት። ከእጄ ወሰደው። "ያ ጉርባ፣ ማይክ በር አይደለም፤ አይንኳኳም" አለኝ። "ያ ጉርባ" ማለት አንተ ልጅ ማለት ነው፤ ጸጉሬ እስኪሸብት ድረስ ሌላ ስም አልሰጠኝም።

እሱ ማይክ የሚሞክረው ሰላምታ በመስጠት ነበር። "አካም ቡልተኒ?" ይላል፣ እንዴት አደራችሁ ማለቱ ነው። ገና እየተሰበሰበ ያለው ሰው ከያለበት "ነጋ"፣ በሰላም፣ እያለ ይመልሳል። ኦቦ ዋቅጅራ የሚያዳምጠው የራሱን ድምፅ አይደለም፤ "ነጋ" የሚለው መልስ ከየት ወገን እንደቀረ ነው። ከግራ በኩል መልስ ካልመጣ ጥሩምባው ወደ ግራ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ማይኩን ለእኔ ሰጥቶ እስከ ስብሰባው ዳርቻ ድረስ ይሄዳል። ሁልጊዜ ዳር ላይ አንድ ሰው አለ። ወይ ሸክሟ ላይ የተቀመጠች እናት ናት፣ ወይ ጆሮው የከዳው ሽማግሌ ነው። አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ "ኒ ዸገአማ?" ይለዋል፣ ይሰማል ወይ? ሰውየው አዎ ካላለ ስብሰባው አይጀመርም። ኃላፊዎቹ መድረክ ላይ ሰዓታቸውን እያዩ ይጠብቃሉ። "ለመድረኩ ማስተካከል ቀላል ነው፤ መድረኩ ራሱን ይሰማል" ይል ነበር።

ሌላም ልማድ ነበረው። ከቤቱ ታጥቦ የመጣ መሐረብ በኪሱ ይይዛል፤ ማይኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ይጠርገዋል። ለሚኒስትርም ይጠርጋል፣ ለእንጨት ሻጭም ይጠርጋል። ሽቦው ሰው በሚያልፍበት ላይ ከተዘረጋ በዶማ ትንሽ ቦይ ቆፍሮ አፈር ያለብሰዋል፤ ሸክም የያዘች ሴት እንዳትደናቀፍ። ስብሰባ ላይ አያጨበጭብም፣ አይቀመጥም፣ ፊቱ አይጠቁርም፣ አይፈካም። ምን ታስባለህ ሲሉት "ሽቦ ወገን የለውም" ይላል።

ግን ወገን ነበረው፤ እሱን ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል። አንድ ጊዜ ሲሬ ላይ አንድ ሹም ጠጋ ብሎ "የሕዝቡን ማይክ ትንሽ ቀነስ አድርገው፣ የመድረኩን ከፍ" አለው። ኦቦ ዋቅጅራ በትሕትና ባርኔጣውን አወለቀና "ጌታዬ፣ ከቀነስኩት ያፏጫል" አለው። ሹሙ የማጉያ ፉጨት ይፈራ ስለነበር ተወው። ሲሄድ "ኦቦ፣ ሲቀንሱት እኮ አያፏጭም፣ ሲጨምሩት ነው" አልኩት። "ያ ጉርባ፣ የሕዝብ ድምፅ ሲቀነስ ያላፏጨበት ጊዜ አለ?" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመድረኩና የሕዝቡ ማይክ ድምፅ በእጄ ተበላልጦ አያውቅም። ይህን ስናገር ኩራት ይሰማኛል፤ ልደብቀውም አልፈልግም።

ማይክ ሲያቀብሉ መኖር ሰውን ያስተምራል። ሹም ማይኩን ከከንፈሩ ላያላቅቀው ያስጠጋል፤ የእስትንፋሱ ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። ገበሬ ከራሱ አርቆ ይይዘዋል፤ "ቀረብ ያድርጉት አባ" ማለት ያስፈልጋል። ሴቶች መጀመሪያ አንቺ ያዥው አንቺ ያዥው ይባባላሉ፤ አንዷ ከጀመረች ግን ማን ይመልሳታል። ተራራ ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ የተናጋሪው ድምፅ ዘግይቶ ስለሚመለስ ሰውየው ሌላ ሰው የሚያቋርጠው መስሎት ይቆማል። አርጆ ላይ ስንት ጥሩ ጥያቄ በዚህ ምክንያት መሐል ላይ ቀርቶ ነበር፤ ጥሩምባውን ወደ ቁልቁለቱ ዝቅ እስካደርገው ድረስ።

መንግሥት ተለወጠ፤ ጥሩምባዎቹ ግን ያው ናቸው። መንደር ተሰባሰቡ የተባለው በነሱ ነው። በኋላ የመጡትም ነጻ ወጣችሁ ያሉት በነሱ ነው። አንድ ለአምስት ተደራጁ ተባለ፣ ከዚያ በጥልቀት ታደስን ተባለ፣ ከዚያ በጥፋታችን ይቅርታ ተባለ፤ ይቅርታ ሲባል አንድ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ከዚያ የአሁኑ ገዢ ፓርቲ ብልጽግናችን ቀርቧል አለ። አርጆ ላይ አንዲት አሮጊት ጥሩምባውን ስሰቅል አይታ "አንተ ልጅ፣ መንግሥት ሲቀየር አንተ አትቀየርም እንዴ?" አለችኝ። "እኔን ማን ይሾመኛል፣ እናቴ" አልኳት። "እሱስ እውነትህን ነው፤ ቢሾሙህማ ይኼኔ ወርደህ ነበር" ብላ ሄደች።

ሹሞቹ ቢቀያየሩም የሕዝቡ ጥያቄ አይቀየርም። ውሃ፣ መንገድ፣ መድኃኒት። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ማዳበሪያ፣ የመምህራን ደሞዝ፣ የጤና መድን። የጤና መድኑ ነገር በተለይ ሰውን አንገፍግፎታል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሰው በዓመት አንዴ ያዋጣል፣ ሲታመም በመታወቂያው ይታከማል። ችግሩ ታማሚው መታወቂያውን ይዞ ሲሄድ "መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ" መባሉ ነው። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚለውን ተረት ከዚህ ጉዳይ ጋር ተያይዞ በየከተማው ሰምቼዋለሁ። ሹሞቹ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። ይጽፋሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ "ግብዓት አግኝተናል" ይላሉ።

ከነሱ አንዱን እኛ ሠራተኞቹ "አንድ ደቂቃ" እንለው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው፣ ሲመሽ ሾፌሩን ሳይቀር ራት ይጋብዛል። ግን እሱ ግማሽ ቀን ይናገርና ሕዝቡ እጅ ሲያወጣ "አንድ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ" ይላል። ኪራሙ የሄድነው ከእሱ ጋር ነው።

ያ ጊዜ በግጭቱ መንገዱ ከመዘጋቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ኪራሙ ወደ ሰሜን ጥግ ናት፤ ኦሮሞውም፣ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥቶ የሰፈረው ገበሬም አብሮ የሚኖርባት። ጉዳዩ የፓርቲውን የማኅበራዊ አገልግሎት ዕቅድ ለሕዝቡ ማስረዳት ነበር። ጠዋት ነቀምቴ ላይ ዕቃ ስንጭን ፒካፑ ሞላ። ጄኔሬተር፣ ጥሩምባዎቹ፣ ሽቦው፣ ባትሪው፣ በዚያ ላይ ፓርቲው ያሳተማቸው ቲሸርቶችና ኮፍያዎች በካርቶን። "አንድ ደቂቃ" ቆም ብሎ አየና ባትሪው ይውረድ አለ። "ጄኔሬተር አለን አይደል?"

"ባትሪ ለክፉ ቀን ነው" አልኩት። "ኦቦ ዋቅጅራ ያለ ባትሪ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም።"

"ኦቦ ዋቅጅራ ጡረታ ወጥቷል እኮ። ቲሸርቱ ካልደረሰ እኔ ነኝ የምጠየቀው" አለኝ። ተከራከርኩ፤ ሁለት ካርቶን ጭኔ ላይ ልያዝ ብዬ ለመንኩ። አልሆነም። ባትሪው ወርዶ ከዘበኛው ቤት ጥግ ተቀመጠ።

ማደያዎቹ ደርቀው ስለነበር ቤንዚን ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ገዛን። ኪራሙ ስንደርስ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ሞልቷል። ሰላምታዬን ሰጠሁ፣ እስከ ዳር ሄጄ ጠየቅኩ፣ ይሰማል አሉኝ። "አንድ ደቂቃ" ረጅም ንግግሩን አደረገ። ከዚያ ሕዝቡ ተነሳ። መጀመሪያ ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ ሽማግሌ በኦሮምኛ ተናገሩ። ጤና ኬላው ከተቆለፈ ከርሟል፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚነግረን አጣን አሉ። ከሳቸው ቀጥሎ ማይኩን የሰጠሁት ይመር ለሚባል ገበሬ ነው። ይመር የኦቦ ዲንሳ ጎረቤት ነው፤ አባቱ ከወሎ የመጣ፣ እሱ ግን እዚያው የተወለደ። ማይኩን ትኩስ ሻይ የያዘ ይመስል በሁለት እጁ አቅፎ ከደረቱ በላይ ያዘው።

"ኦቦ ዲንሳ ያሉትን ደግሜ አላደክማችሁም" አለ። "መድን አዋጡ አላችሁን፣ ወላሂ ሳንቆይ አዋጣን። እናንተ በመኪና መጣችሁ፣ እኛ ስንታመም በቃሬዛ ነው የምንሄደው፤ ይሁን። አሁን ግን የምጠይቃችሁ ሌላ ነገር ነው። እኔና ኦቦ ዲንሳ ሌሊት የጥበቃ ተራ እየገባን አንተኛም። መንገዱ—"

ጄኔሬተሩ ሳለ። አንዴ ደግሞ ሳለና ዝም አለ። ሮጥኩ። ጎትቼ አስነሳሁት፣ ተነስቶ ጠፋ። ካርቡሬተሩን ፈትቼ አየሁት፤ ቤንዚኑ ውሃ ነበረበት። አደረቅሁት፣ አጸዳሁት፣ መልሼ ገጠምኩት፤ ያው ነው። ዳር ያለው ሰው "ምን አለ? ምን አለ?" እያለ እርስ በርሱ ይጠያየቃል። ይመር ማይኩን እንደያዘ ቆሟል። በባዶ ድምፁ ሊቀጥል ሞከረ፤ ከሦስተኛው ረድፍ አላለፈም። "አንድ ደቂቃ" ተነሳና እጁን አውለበለበ፤ ጥያቄያችሁን ይዘናል፣ ስብሰባው በሌላ ጊዜ ይቀጥላል አለ። ካርቶኖቹ ተፈቱ፣ ቲሸርቱ ታደለ። በባትሪው ቦታ የመጣው ቲሸርት ነው።

ይመር መጥቶ ማይኩን መለሰልኝ። አልተቆጣም። "ውሰደው ወንድምዬ፤ እሱም ሰለቸው" አለኝ።

ስብሰባው አልቀጠለም። መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ወለጋ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከዚህም ከዚያም ወገን ስንቱ ቤቱን ጥሎ ተበተነ። እኔ ነቀምቴ ተቀምጬ የኪራሙ ስም በተነሳ ቁጥር የሚታየኝ ይመር ድምፅ የሌለው ማይክ አቅፎ የቆመው ነው። አንድ ስብሰባ ቢያልቅ ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር ብዬ አይደለም፤ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። ግን የተጠየቀ ጥያቄና ያልተጠየቀ ጥያቄ አንድ አይደለም።

ለኦቦ ዋቅጅራ ነገርኩት። ያኔ እግሩን አሞት ከደጁ አግዳሚ ላይ ነበር የሚውለው። እስክጨርስ ሰማኝ። "ባትሪው ሲወርድ አንተ መኪናው ላይ ምን ትሠራ ነበር?" አለኝ። ከዚያ ሻይ አስመጣልኝ፣ ስለ ልጆቹ አወራኝ፤ ጥያቄው ግን እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። በዓመቱ ሲቀበር የቀብሩን ማጉያ የተከልኩት እኔ ነኝ። ዳር ድረስ ሄጄ ይሰማል ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ።

ከኪራሙ በኋላ ሥራዬን እንደ አዲስ ጀመርኩ ማለት እችላለሁ። ቆሞ ከሚበሰብስ የመሥሪያ ቤት መኪና ባትሪ አውጥቼ አስሞላሁ፤ መብራት ሲሄድ ማንም ሳይነካው ራሱ እንዲቀበል አድርጌ ከማጉያው ጋር አገናኘሁት። ማጉያው ብልጭ ሳይል ከመብራት ወደ ባትሪ እስኪሸጋገር ድረስ ስንት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩት። በፒካፑ ስንሄድ ከእግሬ ሥር አስቀምጠዋለሁ። "ይህ ዕቃ ይውረድ" ያለኝ ሰው ካለ "እሺ፣ አብረን እንወርዳለን" እላለሁ። አንድ ጊዜ በእውነት አብረን ወርደናል፤ ሻምቡ ሊሄዱ የነበሩት ሰዎች ከከተማው መውጫ ተመልሰው መጥተው ወሰዱን።

ጡረታዬ ሲቃረብ ነቀምቴ አዳራሽ ውስጥ ትልቅ የሕዝብ ውይይት ተጠራ፤ በማኅበራዊ አገልግሎት ላይ። ከበከኒሳ ቀሴም ከሌሎቹም ክፍለ ከተሞች ሰው መጣ፤ ባጃጆቹ ደጁን ሞልተውታል። ሰብሳቢው "አንድ ደቂቃ" ነው፤ ሹመቱ ከፍ ብሏል፣ መነጽርም ጨምሯል። ሰላም ሲለኝ እንደ ድሮው አቀፈኝ። ሰላምታዬን ሰጠሁ፤ "ነጋ" የሚለው መልስ ከኋላ በቀኝ በኩል ትንሽ ስለሳሳ ወደዚያ ሄድኩ። የመጨረሻው ወንበር ላይ ኮፍያውን ዝቅ ያደረገ ሰው ተቀምጧል። "ይሰማል ወይ፣ ወንድሜ?" አልኩት። ቀና ሳይል "እኛ ምን ገዶን፤ መስማቱንማ እንሰማለን" አለኝ። አላወቅኩትም።

መድረኩ ተናገረ። ከዚያ ሕዝቡ። አንዲት መምህርት ስለ ደሞዝ፣ አንድ ነጋዴ ስለ መብራት፣ አንድ አባት ስለ መድን መድኃኒት ተናገሩ፤ አዳራሹ እየጋለ መጣ። "አንድ ደቂቃ ብቻ" ይላል ሰብሳቢው። ከኋላ እጅ ወጣ። ያው የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ሰው ነው። መሐረቤን አውጥቼ ለመድረኩም ለሕዝቡም የነበረውን አንድ ማይክ ጠርጌ ሰጠሁት። በሁለት እጁ አቅፎ ያዘው፣ ትኩስ ሻይ የያዘ ይመስል። አወቅኩት። ፊቱ ከስቷል፣ ጢሙ ሸብቷል፤ አያያዙ ግን አልተለወጠም።

"አካም ኦልተኒ" ብሎ ሕዝቡን ሰላም አለ፤ አዳራሹ መለሰለት። ከዚያ ወደ አማርኛው ገባ። "ስሜ ይመር ነው። ከኪራሙ ተፈናቅዬ በከኒሳ ቀሴ ቤት ተከራይቼ ነው ያለሁት። ክቡር ሰብሳቢ፣ እርስዎ አያስታውሱኝ ይሆናል፤ ኪራሙ ላይ ስብሰባ ጀምረን—"

መብራት ሄደ። አምፖሎቹ ጠፉ፣ መድረኩ ላይ ያለው ትልቁ ስክሪን ጨለመ። ቀን ስለሆነ በመስኮት የሚገባው ብርሃን አለ፤ ግን ልማድ ነውና ሰው መንቀሳቀስ ጀመረ። "አንድ ደቂቃ" ወረቀቱን ሰብስቦ ተነሳ። "እንግዲህ መብራት ሄዷል፣ በሌላ ጊዜ እንቀጥላለን" አለ፤ ድምፁ ከመድረኩ አላለፈም።

ከጥሩምባዎቹ ግን የይመር ድምፅ ወጣ፣ እንደነበረው፣ ሳይቀንስ። "መብራቱ ነው የሄደው፤ እኔ አለሁ።"

የተነሳው ሰው ተቀመጠ። ወደ በሩ የደረሱት ተመለሱ። "አንድ ደቂቃ" ወደ እኔ አየ፤ እኔ ከባትሪው አጠገብ ቆሜ ነበር። በጣቱ አጥፋው የሚል ምልክት አሳየኝ። ባርኔጣዬን አውልቄ አይሆንም በሚል ራሴን ነቀነቅኩ፤ እንደ ኦቦ ዋቅጅራ። አዳራሹን አየ፣ ከዚያ ተቀመጠ።

"ያን ቀን ልጠይቅ የነበረው መንገዱ ቢዘጋ ማን ይደርስልናል ብዬ ነው" አለ ይመር። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ አላስፈለገውም። "እሱ አሁን ተመልሷል። ማንም አልደረሰም። እኔም ኦቦ ዲንሳም ቤታችንን ጥለን ነው የወጣነው፤ እሳቸው የት እንዳሉ ዛሬም አላውቅም። ስለዚህ እሱን ትቼ አዲሱን ልጠይቅ። ባለቤቴ ስኳር ታማሚ ናት፣ መርፌ ነው የምትወጋው። ወደ መንግሥት ጤና ጣቢያ ስንሄድ መታወቂያሽ የኪራሙ ነው፣ ከወረዳሽ አጽፊ ይሏታል። ወረዳዋ ደግሞ እኛ ጥለነው የሸሸነው ነው። መድኑን ከፍለናል፤ ደረሰኙ ሳይቀር ተቃጥሏል እንጂ። እንግዲህ ንገሩኝ፤ ሰው ነቀምቴ ላይ ለመታመም የት ነው የሚመዘገበው?"

አዳራሹ አላጨበጨበም። ሁሉም መድረኩን ያያል። "አንድ ደቂቃ" ወደ ማይኩ ጎንበስ አለ። "ወንድሜ፣ ጉዳይህ ይገባናል፤ ሰኞ ቢሮ ናና እንነጋገራለን" አለ፤ ማይኩን ወደ እሱ ወስጄለት ነበር፣ ድምፁ እኩል ነው።

መልሼ ለይመር ሰጠሁት። "ቢሮማ ሄጃለሁ፤ ዘበኛው እንኳ በስሜ ይጠራኛል" አለ። "እዚህ እንደኔ ያሉ ብዙ አሉ። መልሱን እነሱም እንዲሰሙት እዚሁ ይነገረኝ።" ከየረድፉ ሰዎች እጃቸውን አነሱ፤ ሴቶች ይበዙ ነበር። አንዲቱ ከመቀመጫዋ "እኔም የጊዳ አያና ነኝ" አለች፤ ሌላው "እኔም የኪራሙ" አለ፣ በኦሮምኛ።

መድረኩ ላይ ተጠጋግተው ተማከሩ። ረጅም ሆኖ ታየኝ። በመጨረሻ የጤናው ኃላፊ፣ አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ ማይኩን ጠየቀችኝ። ከሰኞ ጀምሮ ተፈናቃይ ነኝ ያለ ሰው ካለበት ቀበሌ ማስረጃ ካመጣ በመድኑ ይታከማል፣ ከወረዳው አይጠየቅም አለች። "ይህን በሕዝብ ፊት ተናግሬያለሁ፤ ካልሆነ እኔን ጠይቁኝ" አለች። ያኔ ነው አዳራሹ ያጨበጨበው።

ሁሉም ነገር ተፈታ አልልም። የይመር ባለቤት ሰኞ መርፌዋን አግኝታለች፤ ይመር ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነግሮኛል። ከሌሎቹ ያገኘ አለ፣ ዛሬም በየበሩ የሚመላለስ አለ። ኦቦ ዲንሳም አልተገኙም። "አንድ ደቂቃ" በኋላ ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ "ለምን አላጠፋኸውም?" አለኝ። "ቢጠፋ ያፏጫል" አልኩት። ትንሽ አየኝና ሳቀ፤ እየሳቀም ሄደ። የሽኝቴን ጋቢ ያለበሰኝም እሱ ነው።

እኔ ሹመት አላገኘሁም፣ ሕግ አልጻፍኩም፣ ንግግርም አላውቅም። ግን ወለጋ ውስጥ ስንት አፍ በእጄ በኩል ተናግሯል፤ በእጄ የተቆረጠ የለም። አንዱ ብቻ በውሃማ ቤንዚን ተቆርጦብኝ ነበር፤ እሱንም በገዛ ባትሪዬ ቀጠልኩት። ሰው በሥራው ይኮራል ከተባለ፣ እኔ በዚህ እኮራለሁ።

ያን ቀን ጭብጨባው ሲበርድ መብራቱ ገና አልመጣም ነበር። የሚጨምረው ካለ ብዬ ማይኩን ከኃላፊዋ ተቀብዬ ለይመር መልሼለት ነበር። ይመር ከኋላ ተነስቶ በመተላለፊያው ወደ እኔ መጣ። ያወቀኝ አይመስለኝም ነበር። ማይኩን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ፣ እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

"እንካ ወንድምዬ" አለኝ፣ "አሁን ጨረስኩ።"